የረቡዕ ሰማያዊ፣ የቅዳሜ ቀይ

ኅዳር 3 ቀን 1932 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ እንዳላማው፣

እንደምን ሰነበትህ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። እንዴት እንደ ሰነበትህ ግን እማሆይ ወለተ ኪዳን ከደብረ ወርቅ መጥተው ነግረውኛል። ዓይንህ መድከሙን፣ የቀኝ እግርህ ቁስል ከነሐሴ ወዲህ አልሽር ማለቱን፣ ሐኪም ቤት እንውሰድህ ሲሉህም «የታመምሁት በኃጢአቴ ነው» ማለትህን ሰምቻለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ራስህ እንደማታነበው አውቃለሁ። የሚያነብልህ ሰው አንድ ቃል እንዳይዘል፣ ድምፁንም ዝቅ እንዳያደርግ ለምነው። ሰው ቢሰማ ይስማ። እዚያ ግዝት አፍርሶ የመጣ ሰው አድርገው የሚያዩህ ሁሉ ቢሰሙ እወዳለሁ።

ዋናውን ነገር ወደ ኋላ አላቆየውም። አንተ አልጠጣህም። አለመጠጣትህን አውቄአለሁ።

እንዴት እንዳወቅሁት በቅደም ተከተል ልጽፍ። አባታችን መሪጌታ ሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል የሚሉትን ንቀው ዳዊት ሲያስደግሙኝ፣ አንዲት ቃል ብሳሳት አለንጋ ያነሡ ነበር። አንተን ያሳደግሁህ፣ እናታችን በአራት ዓመትህ ትታህ ከሞተች በኋላ፣ በዚያው አለንጋ ነው። የሚሳሳት ሰው እንደሚገረፍ ከአባታችን ተምሬአለሁ። ገራፊም ሊሳሳት እንደሚችል ግን ማንም አላስተማረኝም።

በ1931 ጥቅምት ላይ ውሃ አልጠግብ አልህ። ማሰሮውን ትጨርስና ደግሞ ትነሣለህ። የምትበላው ሳይጎድል ሱሪህ ከወገብህ ይወርድ ጀመር። ከጓሮው በስተኋላ የሸናህበት ቦታ ጉንዳን ሰፈረበት። ጣሊያን ያኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ለአገሬው ሰው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት፣ ሐኪም ቤት ይከፍት ነበር። አንተ አልሄድም አልህ። የዘበኞቹን ፍተሻ ጠላህ፣ ጫካ የገቡት ወገኖቻችን ባንዳ ሆነ እንዳይሉህም ፈራህ። እኔ ግን በሽታ ባንዲራ አይለይም ብዬ አስገደድሁህ። እስከ ከተማው ያለውን የሰዓት ተኩል መንገድ ከኋላህ እየነዳሁ ወሰድሁህ።

የሐኪሙን ቃል ያስተረጎመልን አብዱልዋሂድ ነው። ታስታውሰዋለህ፤ የደምበጫው ነጋዴ ልጅ፣ ጣሊያንኛውንም መርፌውንም እዚያው የተማረው። ሽንትህን በብርጭቆ ቱቦ ከሰማያዊ ውሃ ጋር ቀላቅሎ በእሳት አፈላው። ስኳር ከሌለ ሰማያዊ እንደ ሆነ ይቀራል፣ ጥቂት ካለ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ ሲብስ ቢጫ ይሆናል፣ እጅግ ከበዛ እንደ ተተኮሰ ሸክላ ይቀላል አለን። ያንተ ሸክላ ሆነ። ማር፣ ስኳር፣ ጠጅ፣ ጠላ እንዳትቀምስ፣ እየተመላለስህም እንድትታይ ታዘዝህ። እኔ ያንን እንደ ሕግ ተቀበልሁት። ከአባታችን ብራና ያልተጻፈበት ቅጠል ገንጥዬ ቀኑንና ቀለሙን እጽፍ ጀመር።

ረቡዕ፣ ሰማያዊ። ቅዳሜ፣ ቀይ። ረቡዕ፣ ሰማያዊ። ቅዳሜ፣ ቢጫ። እንደገና ረቡዕ ሰማያዊ፣ እንደገና ቅዳሜ ቀይ። ጎረቤታችን ሥራነሽ እንኳ ነገሩን ሰምታ፣ ከአጥሩ ማዶ «እንዳላማው፣ ዛሬስ ውሃህ ምን ለበሰች? ቀይ ከሆነች ለልጄ ሠርግ አውሰኝ» ትልህ ነበር። አንተም «ላንቺ ቢጫው ይሻልሻል፣ ከጥርስሽ ጋር ይሄዳል» ትላታለህ። እናንተ ስትሳሳቁ እኔ ቤት ውስጥ ቅጠሉን ይዤ አስባለሁ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። በገበያ ቀን ጠጅ ቤቱ ሁሉ ይሞላል። አንተ በጉብዝናህ ዘመን ጠጅ ትወድ እንደ ነበር ደግሞ አገር ያውቃል። ከዚህ ወዲያ ምስክር አልፈለግሁም።

«ዛሬ ከማን ጋር ተቀምጠህ ዋልህ?» አልሁህ አንድ ቅዳሜ።

«ከማንም። ከሐኪም ቤት ወጥቼ ቀጥ ብዬ መጣሁ።»

«ቀለሙ እንዲህ አይልም።»

«እንግዲያ ቀለሙን ጠይቂዋ፣ እታለም።»

ይህን እንደ ድፍረት ቆጠርሁብህ። በታኅሣሥ የነፍስ አባታችንን መምሬ አስማማውን ጠርቼ፣ ማርና መጠጥ እንዳትቀምስ በግዝት አሳሰርሁህ። ራስህን ዝቅ አድርገህ ተቀበልህ። በቀጣዩ ቅዳሜ ቀላ። በሌላውም ቀላ። ግዝት ካፈረሰ ሰው ጋር አልበላም ብዬ ገበታህን ለየሁት። ዐቢይ ጾምን በአባታችን ቤት፣ እኔ በምድጃው በኩል፣ አንተ በበሩ በኩል፣ ጀርባ ለጀርባ እየበላን ጾምነው። እንጀራህን አስቀምጬልህ ስመለስ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ትለኝ ነበር፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚባል።

በዚያው ጾም መካከል አንድ ቅዳሜ ሆዴን አሞኛል ብለህ የሠራሁልህን ገንፎ ሳትነካ ወጣህ። ስትመለስ ከሩቅ አየሁህ። በሃምሳ ሦስት ዓመትህ እየሮጥህ ነበር። ገና ደጃፉን ሳታልፍ «እታለም፣ ሰማያዊ! በቅዳሜ ሰማያዊ!» አልህ።

«አየህ፣ ስትፈልግ ትችላለህ» አልሁህ።

ፊትህ ላይ የነበረው ደስታ ሲጠፋ ቆሜ አየሁት። አይቼም ገበታህን አልመለስሁም።

ፋሲካ ዋለ። በበዓለ ሃምሳ የረቡዕ ጾም የለምና ረቡዕም ጠዋት ገንፎ አብልቼ ላክሁህ። ረቡዕም ቀላ። እኔ፣ ዳዊት የደገምሁ፣ የጾምና የበዓል መዓልት ከቀሳውስቱ እኩል የማውቅ ሴት፣ በዚያ ሳምንት ምን እንደ ተለወጠ አላስተዋልሁም። አሁንስ ረቡዕንም አላስተረፈም አልሁ። መምሬን አስጠራሁ። መጡና «ልጄ፣ ጠጥተህ እንደ ሆነ ተናገር፤ ንስሐ አለው» አሉህ። አንተ ወደ እርሳቸው አላየህም። እኔን አየኸኝ።

«ጠጥቻለሁ፣ እታለም። በቃ፣ ልብሽ ይረፍልሽ» አልህ።

እኔም ዐረፍሁ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። ብራናው ላይ «አመነ» ብዬ ጻፍሁ። አንድ ዓመት በደብረ ወርቅ ለቤተ ክርስቲያን ውሃ እየቀዳህ፣ እንጨት እየፈለጥህ፣ ዕለት ዕለት እስከ ማታ እየጾምህ እንድትቆይ ንስሐ ሲሰጥህ፣ ፍርዱ አነሰ እንጂ በዛ አላልሁም። ጋቢህን ለብሰህ ስትወጣ እስከ ወንዙ እንኳ አልሸኘሁህም።

በመስከረም ጉልበቴን አሞኝ ወደዚያው ሐኪም ቤት ሄድሁ። አብዱልዋሂድ አወቀኝ።

«እሜቴ፣ ወንድምዎ ጠፉሳ?»

ነገሩን ሁሉ ነገርሁት። ቅጠሉንም ከመቀነቴ አውጥቼ እያንዳንዱን ቀን አነበብሁለት፤ መምህር ፊት ቀለሜን እንደማደርስ ሁሉ ኮርቼ ነበር። እርሱ ሲሰማ ቆየና «ወንድምዎ ረቡዕ ስንት ሰዓት ይበላሉ?» አለኝ።

«ረቡዕ ጾም ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ማን ይበላል?»

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜማ መንገዱ እንዳያደክመው ጠዋት የገብስ ገንፎ አበላዋለሁ። ማር የለበትም፤ ጠብታ አላስነካሁትም።»

አብዱልዋሂድ በእጁ የያዘውን ዕቃ አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ነበር የነገረኝ፣ እንዳልደነግጥ ፈርቶ ይመስለኛል። «እሜቴ፣ ገብሱም ሆድ ሲገባ ስኳር ይሆናል። ይህ በሽታ ያለበት ሰው በልቶ ሲመጣ ይቀላል፣ ሳይበላ ሲመጣ ይጠራል። ትኩሳት ቢይዘው ይቀላል። ቢጨነቅና ቢያዝንም ሊቀላ ይችላል። የእኛም ሰዎች በረመዳን ቀን ሲመጡ ሰማያዊ፣ በዒድ ማግስት ቀይ እየሆኑ መጀመሪያ ሐኪሙን ግራ አጋብተውት ነበር። ቀለሙ የዚያችን ሰዓት ነገር ይናገራል። ሰውየው ታማኝ ይሁኑ አይሁኑ ከየት ያውቃል?»

«ይህን ያኔ ለምን አልነገርኸንም?» አልሁት ተቆጥቼ።

«ጠየቁኝ እንዴ?» አለ።

አልጠየቅሁትም። ከሐኪም ቤቱ ወጥቼ ከአጥሩ ሥር ተቀመጥሁና ቅጠሉን እንደገና አነበብሁት። ቀኑ አለ፣ ቀለሙ አለ፣ ፊደሉ አንድ እንኳ አልተጣመመም። የበላህበት ሰዓት ግን አንድ ቦታ አልተጻፈም። ረቡዕን ሰማያዊ ያደረገው ጾምህ ነበር። ቅዳሜን ያቀላችው የእኔው እጅ ናት። በጠዋት ቆሜ እያገነፋሁ፣ ጨርስ፣ መንገድ ነው እያልሁ ያበላሁህን፣ ከሰዓት በኋላ በዚያው ፈረድሁብህ።

አሁን ደግሞ ከዚህ የሚብሰውን ልንገርህ። ይህን ካወቅሁ ሁለት ወር ሆኖኛል። በማግሥቱ መነሣት ነበረብኝ። ግን ማን ይሰማኛል፣ ምን ይሉኛል አልሁ። መንገዱ በጦር ተዘግቷል ብዬ ለራሴ ነገርሁት፤ ሌላው ሰው ግን በመንገዱ ይሄዳል፣ ይመጣል። ጉልበቴን አመካኘሁ። እማሆይ መጥተው ስለ ዓይንህ ባይነግሩኝ ኖሮ እስከ ዛሬም ሰበብ ስፈልግ በተገኘሁ ነበር። ያ ሁለት ወር ከዓይንህ ብርሃን ምን ያህል እንደ ወሰደ አላውቅም። ለመጠየቅም እፈራለሁ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሳይበተን፣ መምሬ አስማማው ፊት ቆሜ ተናገርሁ። ወንድሜ ግዝት አላፈረሰም፣ በሐሰት የከሰስሁት እኔ ነኝ አልሁ። ሥራነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። መምሬም «ፈራጁ እኔም ነበርሁ፣ ልጄ፤ ሁለታችንም እንጠየቅበታለን» አሉኝ። ግዝቱንም ንስሐውንም አንሥተውልሃል። የእጃቸው ጽሑፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተጣጥፎ አለ፤ እርሱም ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እስከ ማታ መጾሙን ተው። ነገር ግን በባዶ ሆድ ውለህ በአንድ ጊዜም አትጥገብ። አብዱልዋሂድ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ይብላ፣ ገንፎና ዳቦ ይቀንስ፣ ባቄላና ሽምብራ፣ ጎመንም ይሻለዋል ብሏል። እግርህን በፈላና በበረደ ንጹሕ ውሃ ዕለት ዕለት እጠበው፤ ባዶ እግርህንም አትሂድ፣ አሁን እሾህ ቢወጋህ ላይሰማህ ይችላል። ቁስሉን ግን ሐኪም ሳያየው እንዳይሆን። እንደገና ስትመረመር ቢቀላም አትፈር፤ ሰማያዊ ቢሆንም ዳንሁ አትበል። ስንት ሰዓት በላሁ፣ ምን በላሁ፣ አሞኝ ነበር ወይ ብለህ ጠይቅ። ብዙ ቀን ሲደመር ነው ነገሩ የሚታወቀው። በአንዲት ቱቦ ፈርዶብህ የነበረው ሰው ይህን ሲመክርህ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ሳቅብኝ።

ደብዳቤውን እማሆይ ነገ ይዘውት ይነሣሉ። እኔ ሐሙስ፣ የጎረቤታችን ልጅ ድረስ ባዋሰኝ በቅሎ እከተላለሁ። ድረስ ራሱ ይመራልኛል፤ መንገዱን ፈርቶ ነበር፣ አሮጊትን የሚፈትሽ የለም ብዬ አሳመንሁት። ጾመ ነቢያት ሳይገባ እደርሳለሁ። በቅሎዋ ለአንተ መመለሻ ናት። እኔ በእግሬ መሄድ እችላለሁ።

ስደርስ ከቅጽሩ በር ላይ ቆሜ፣ እዚህ የተናገርሁትን እዚያም እናገራለሁ። ከዚያ ወደ አንተ እመጣለሁ። እንዴት እንደምትቀበለኝ አውቃለሁና አስቀድሜ ልለምንህ። ገና ድምፄን ስትሰማ ተነሥተህ «ምንም አይደል እታለም፣ ረስቼዋለሁ» ልትለኝ ትችላለህ። ከልጅነትህ ጀምሮ እኔ ስከፋ ማየት አትችልም። ለእኔ ዕረፍት ብለህ አንድ ጊዜ ዋሽተሃል፤ የዚያን ውሸት ዋጋ ዛሬ በዓይንህ ትከፍላለህ። ሁለተኛ እንዳትዋሽልኝ። ከልብህ ካልማርኸኝ አልማርሁሽም በለኝ፤ ቁጭ ብዬ እሰማሃለሁ፣ በቅሎዋንም ስቤ ሐኪም ቤት አደርስሃለሁ።

ያለ ጥፋትህ የቀጣችህ እህትህ፣
የብርጓል