ስንዝር የቀነስኩላት መኪና

ይድረስ ለአሳዳጊ ወንድሜ ለጋሼ አድማሱ፤ አሰብ ወደብ።

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ያ በሐምሌ የጻፉልኝ የወገብ ሕመም ለቀቀዎት ወይስ ዕቃ ባወረዱ ቁጥር ይቀሰቀስብዎታል? ሙቀቱስ እንዴት አድርጓችሁ ይሆን? እትዬ እቴነሽስ እንዴት ናቸው? ለሚወለደው ሕፃን የሱፍ ሹራብ መሥራት ጀምሬያለሁ ማለታቸውን ለባለቤቴ ለውብአለም ብነግራት፣ በአሰብ ሙቀት ሱፍ ታቅፈው ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እዚህ ደብረ ታቦር ውርጩ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ከጉና የሚወርደው ንፋስ ጋቢ አልፎ አጥንት ይገባል። እኔ በሥጋዬ ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በሥጋዬ ማለቴ ሌላው ደህና ስላልሆነ ነው። ዘንድሮ ውሸት እስከ አንገቴ ሞልቶኛልና እርስዎን እንኳ ሳልዋሽ ልጀምር።

አንድ ነገር እንዲልኩልኝ በእናታችን አጥንት እለምንዎታለሁ። ዕቃ አይደለም፤ ልክ ነው። አዲሷ ሞዴል ላንድክሩዘር ከመርከብ ስትወርድ፣ ወይም ቀድማ ወርዳ ከሆነ፣ ከግራ ጎኗ እስከ ቀኝ ጎኗ ስንት ክንድ ከስንት ስንዝር እንደሆነች ለክተው በቴሌግራም ይላኩልኝ። ርዝመቷን ይተዉት፤ ቁመቷንም ይተዉት። ስፋቷን ብቻ።

ይህ ልጅ ጤናም የለው ይሉኝ ይሆናል። ከመጀመሪያው ልንገርዎት።

በመስከረም በላኩልኝ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ፣ ለሹፌሩ ወንድሜ ወሬ ይሁነው ብለው፣ አዲስ ሞዴል ላንድክሩዘር ሊመጣ ነው እየተባለ ነው ብለው ጽፈውልኝ ነበር። አንዲት መስመር ናት። እኔ ግን በዚያች መስመር ስንት ወር እንደኖርኩባት! ከሥራ ወጥተን ሻይ ቤት ስንቀመጥ ወሬያችን እሷው ብቻ ሆነች። የመሥሪያ ቤታችን መካኒክ እሸቴ መብራቷ አራት ማዕዘን ይሆናል አለ፤ ያን ክብ መብራት ከሃያ ዓመት በላይ ስላየነው ሠሪዎቹም ሳይሰለቻቸው አልቀረም ይላል። የጭነት መኪና የሚነዳው ፈንታሁን ደግሞ ባሌስትራዋ እንደ ፍራሽ ይለሰልሳል፣ ድንጋይ ላይ ስትወጣ ውስጧ የተቀመጠ ሰው የያዘው ሻይ አይፈስበትም አለ። እኔ ጠበብ ትላለች ባይ ነበርኩ። ምክንያቴን ይስሙልኝ፤ ራዲዮኑ አነሰ፣ የእጅ ሰዓቱ አነሰ፣ ሠልጥኖ የሰፋ ዕቃ የት አለ? ስለዚህ መኪናዋም ትጠባለች። እሸቴ ሳቀብኝ። እኔ ግን ደጋግሜ ሳወራው በዓይኔ ያየሁት ነገር መሰለኝ። አፌን እንደሁ ያውቁታል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ከእኔ ቀድሞ ይሮጣል። በዚህ ላይ ኃላፊያችን አዲሷ ስትመጣ አንድ ለእኛ ትደርሰናለች፣ እኔ የምነዳት አሮጌዋም ወደ ጎንደር ትመለሳለች ሲሉ ሰማሁ። በቃ፣ ለእኔ መኪናዋ መጥታ ደጅ ቆመች።

በኅዳር ውብአለም ሰባተኛ ወሯን ያዘች። የመጀመሪያዋ ስለሆነ፣ እንደ አገሩ ደንብ፣ እናቷ ቤት ልትወልድ ወደ ጉና ወጣች። የአማቴን የእመት ብዙነሽን ቤት መቼም አይረሱትም፤ በሠርጋችን ጊዜ ከዋናው መንገድ ተነሥተው ሁለት ሰዓት ተኩል በበቅሎ ሲወጡ እኔን ሲረግሙ የዋሉበት ዳገት ነው። እመት ብዙነሽ ግን ልባቸው ፈርቶ ነበር። ታላቋ ልጃቸው ፈንታነሽ ከአምስት ዓመት በፊት ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ከዚያው ቤት ወጥታ መንገድ ላይ ነው የቀረችው። ከዚያ ወዲህ ቃሬዛ ማየት አይወዱም። ይህችኛዋን ቢጠናባት በምን ታወጣልኛለህ ብለው በሽማግሌዎችና በነፍስ አባታቸው በቄስ ገብረየሱስ ፊት ጠየቁኝ።

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን አዲሷ ላንድክሩዘር ትመጣለች፣ በቅሎ የወጣበትን ሁሉ ትወጣለች፣ ጠባብ ናት፣ ለስላሳ ናት፣ እናንተ መንገዱን ብቻ ጥረጉልኝ፣ ልጅዎን እንደ ወይዘሮ አስቀምጬ ሆስፒታል አደርሳታለሁ አልኩ። እመት ብዙነሽ ተነሥተው መረቁኝ። ምርቃታቸው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ጋሼ፣ ሰዉ አመነኝ! እህሉን እንደሰበሰበ ደቦ ወጣ። ዳገቱን ቆረጡ፣ ድንጋዩን በእጃቸው ለቀሙ፣ ጎርፍ የበላውን ሞሉ። ከመንደሩ አንድ ሰዓት ያህል ወርዶ የጅብ በር የሚሉት አለ፤ ሁለት ቋጥኝ ተፋጠው የቆሙበት። እዚያ ሲደርሱ ስፋቱን ስጠን አሉኝ። የበቅሎ መጫኛ ገመድ ይዤ ደብረ ታቦር ወረድኩና አሮጌዋን መኪና ለክቼ ቋጥሬ አመጣሁላቸው። ቋጥኙን የሚሰብሩት በአባቶቻቸው ዘዴ ነው። እንጨት ከምረው ያነዱበታል፣ ሲግል ቀዝቃዛ ውሃ ይደፉበታል፣ ሲሰነጠቅ በድጅኖ ይፈለፍሉታል። የገና ጾም ነበር፤ ሰዉ ባዶ ሆዱን ከምንጩ ውሃ ሲያመላልስ ይውላል። አሳዘኑኝ። እንግዲህ አዲሷ ጠባብ አይደለች ወይ ብዬ መጫኛውን ፈታሁና አንድ ስንዝር ቀንሼ ቋጠርኩት። ሥራ ቀለለልን ብለው አመሰገኑኝ። ያደረግኩት ይኸው ነው፤ አንድ ስንዝር።

ጥር ስምንት ቀን መልእክተኛ መጣ። የውብአለም እግርና ፊቷ አብጧል፣ ራሷን ይወቅራታል፣ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልባታል። ጤና ረዳቱ ወጥቶ አይቷት፣ በቅሎ ላይ እንዳትወጣ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ሆስፒታል አድርሷት ብሏል። ኃላፊያችን እግር ላይ ወደቅሁ። አሮጌዋን ለአንድ ቀን ፈቀዱልኝ፤ በማግሥቱ ወደ ጎንደር የምትመለስበት ቀን ነበር።

ያን መንገድ ወጣሁት። አቤት መንገድ! የጅብ በር ስደርስ የመንደሩ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። መስተዋቶቹን አጥፌ ገባሁ። ግራ ጎኗ ድንጋዩን ፋቀው፣ ቀኟም ተያዘ፣ መኪናዋ ቆመች። ወደ ኋላ መልሼ እንደገና ሞከርኩ። እልልታው ቆመ። ከሁሉ የሚቆጨኝ አንድም ሰው ክፉ ቃል አለመናገሩ ነው።

በእግሬ ወደ ቤት ወጥቼ፣ እስከ ጅብ በር ብቻ በቃሬዛ እናውርዳት ብዬ ለመንኩ። እመት ብዙነሽ ደጃፉ ላይ ተጋደሙ። አንድ እርምጃም ቢሆን አይሆንም፣ ፈንታነሽን የወሰዳት እንጨት ይህችን አይነካትም፣ ያልከኝን መኪና አምጣ አሉኝ። ውብአለም በእግሬ እሄዳለሁ ብላ ተነሣችና ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ወደቀች። እውነቱን መናገሪያው ሰዓት ያ ነበር። ምን አልኩ መሰለዎት? አይዟችሁ፣ ይህቺ አሮጌዋ ስለሆነች ነው፣ ጠባቧ በዚህ ሳምንት ትመጣለች አልኩ። አፌን ይቁረጠው!

አሮጌዋ ዛሬ ጎንደር ሄዳለች። የመንደሩ ሰዎች ቋጥኙን እንደገና እንስበረው ብላቸው፣ ሁለተኛ በግምት እሳት አናነድም፣ እርግጠኛውን ልክ አምጣ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ጋሼ፣ ጠባብም ትሁን ሰፊ ይንገሩኝ። መርከቧ አልደረሰችም እንዳይሉኝ። አልደረሰችም ከሆነ ሥዕሏን ያየ ሰው ይፈልጉ፣ መርከበኞቹን ይጠይቁ፣ ከባሕሩ ማዶ የመጣውን ሁሉ ይጠይቁልኝ። ሌላ የምይዘው ነገር የለኝም።

ጥር ፲፭ ቀን።

ጋሼ፣ ከላይ ያለውን በጥር አሥር ጽፌ ፖስታ ቤት ስደርስ ለከተራ ተዘግቶ አገኘሁት። በሩ ሥር ተቀምጬ ደብዳቤዬን አነበብኩት። ሚስቱ ልትሞት የደረሰች ሰው የመኪና ስፋት ይጠይቃል? ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። ወረቀቱን ልቀደው ነበር፤ ግን ያሳደጉትን ሰው ደህና አድርገው ይወቁት ብዬ ተውኩት።

ፈንታሁንን ለምኜ በጭነት መኪናው እስከ መገንጠያው አደረሰኝና እመለሳለሁ እስክትል ከዚህ አልነቃነቅም አለኝ። በጥምቀት ዕለት ጧት መንደር ገባሁ። ቄስ ገብረየሱስ ሕዝቡን ጠበል ረጭተው ሲጨርሱ መሐል ገብቼ ቆምኩ። ያቺን መኪና አይቻት አላውቅም አልኩ። ያያት ሰውም አላውቅም፣ ጠባብ ናት ያልኩት ከራሴ ነው፣ ከመጫኛው ላይ ስንዝሩን የቀነስኩትም እኔ ነኝ አልኩ። ይደበድቡኛል ብዬ ነበር። ምነው በደበደቡኝ! እመት ብዙነሽ ብቻ፣ ይህን ቃል ከሁለት ቀን በፊት ብታመጣልኝ ምን ነበረበት ብለው ወደ ቤታቸው ገሠገሡ። ስደርስ ቃሬዛውን በገዛ እጃቸው ከጎረቤት አውጥተው፣ ጋቢያቸውን አንጥፈውበት አገኘኋቸው። ውብአለም ንጋት ላይ አንዘፍዝፏት ነበርና ራሷን አታውቅም።

ስምንት ሆነን ተሸከምናት። በድሮው መንገድ ቢሆን አምስት ስድስት ጊዜ እናወርዳት ነበር። ያን በደቦ የተጠረገውን መንገድ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳናርፍ ወረድነው። የጅብ በርንም ትከሻ ለትከሻ ሆነን፣ እርምጃችንን ሳንቀይር አለፍነው። ለቃሬዛ ልኩ ነበር። ፈንታሁን እንዳለውም መገንጠያው ላይ ቆሞ ጠበቀን።

የሆስፒታሉ ሰዎች የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። ልጁ ግን አልተረፈም። ወንድ ነበር። ሆዷ ውስጥ እያለ ካረፈ አንድ ቀን ያህል ሆኖታል አለኝ ሐኪሙ። ቀኑን ቆጠርኩት። ጋሼ፣ ያኔ የጅብ በር ላይ ቆሜ፣ ቤታቸው ገብቼ አይዟችሁ ስል ልጄ በሕይወት ነበረ። ይህን ለማን እነግራለሁ? ለእርስዎ ነው እንጂ።

ውብአለም በሦስተኛው ቀን ነቃች። ዓይኗ ገና አያይም፤ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ትለያለች። ሐኪሙ ዓይኗ ይመለሳል ይላል፤ የደሟ ግፊት ግን ገና ስላልተረጋጋ፣ ስለ ነፍሷ እርግጡን ንገረኝ ስለው ወደ ሌላ በሽተኛ አለፈ። ትናንት እጄን በዳበሳ ያዘችና፣ መኪናዋ እንዳልከኝ ናት፣ እንዴት ትለሰልሳለች፣ ድንጋዩ ሁሉ አልተሰማኝም አለችኝ። የስምንት ሰው ትከሻ እኮ ነው! እኔም አዎ አልኳት። በሕዝብ ፊት የተፋሁትን ውሸት መልሼ ለእሷ አጎረስኳት። መብራቷስ ክብ ነው ወይስ እሸቴ እንዳለው አለችኝ። እሸቴ እንዳለው ነው አልኩ። ፈገግ ብላ ተኛች።

እስካሁን የጠየቀችኝ ስለ መኪናዋ ብቻ ነው። ስለ ልጁ አልጠየቀችኝም። አጠገቧ የተኛችው ወላድ ሕፃኗ ሲያለቅስባት ውብአለም ጆሮዋን ታቀናለች፤ ዛሬ ካልሆነ ነገ ትጠይቀኛለች። ያን ጊዜ አፌ እንደልማዱ ቀድሞኝ እንዳይሮጥ ፈርቻለሁ። እናታችን ስትሞት እኔ ትንሽ ነበርኩና የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ምን ብለው እንደጀመሩልኝ ጠፍቶኛል። መዋሸት እንዳልዋሹኝ ግን አልረሳም። ያን ቃል ይጻፉልኝ። የመኪናዋን ስፋት ይተዉት፤ አይለኩልኝ። መልስዎ እስኪደርስ እንደማትጠብቀኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይጻፉልኝ።

እመት ብዙነሽ ከልጃቸው ራስጌ አልተነሡም። ከእኔ ጋር አይነጋገሩም፤ ምሳ ሲመጣላቸው ግን ግማሹን ወደ እኔ ይገፉታል። እርስዎን ሰላም በልልኝ ብለዋል። ቄስ ገብረየሱስ በጸሎት እያሰብኳቸው ነው ብለዋል። ፈንታሁንና እሸቴም እጅ ነሥተዋል። ወርቁንና ሙላቴን ግንባራቸውን ይሳሙልኝ፤ አጎታችሁ ናፍቋችኋል ይበሉልኝ። ጎረቤትዎን አቶ አለሙንም ሰላም ይበሉልኝ።

ለእትዬ እቴነሽ ሰላምታዬ ከሁሉ ይበልጣል። ሹራቡ አልቆ ከሆነ አይላኩት። ካላለቀም አይፍቱት፤ እጅጌውን ይጨርሱትና እዚያው ያስቀምጡልን።

ወንድምዎ ማሩ
ደብረ ታቦር
ጥር ፲፭ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.