ሌንሶቹ ደህና ናቸው

ውድ ኢሲድሮ፣

ይህን የምጽፍልህ በጣም ደክሞኝ ሳለ ነው። ጠዋትም ከሰዓትም አስተምሬ፣ በዚህ ሙቀት አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ መጥቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ወጥ ቤት ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ ልደውልልህ አስቤ ነበር። ግን አውቅሃለሁ። ድምፄን ስትሰማ «ደግሞ ምን ልታርሚ ነው?» ትለኛለህ፣ እኔም እናደዳለሁ፣ ዋናው ነገር ሳይነገር ስልኩ ይዘጋል። ደብዳቤ ግን መሃል ገብቶ የሚያቋርጠው የለም። ተናደህ ብትቀደው እንኳ ቢያንስ ግማሹን አንብበህ ነው።

ስለ እኛ አይደለም የምጽፈው። ስለ እኛ የሚባለው ተብሎ አልቋል።

ዕቃ የተካፈልንበትን ቀን መቼም አትረሳውም። እህል ውሃችን ማለቁን ያለ ጩኸት ተስማምተን፣ እንደ ጨዋ ሰው ተቀምጠን፣ አንተ ካሜራዎቹን ወሰድክ፣ እኔ ሌንሶቹን። እኩል ነው ተባባልን። የእኔ ሌንሶች ካንተ ዓይነት ካሜራ በቀር በሌላ ላይ እንደማይገጥሙ ያስታወስነው ከተለያየን በኋላ ነው። ኦስማር ሲሰማ የሚያሽከረክረውን አውቶቡስ ዳር አቁሞ ነው የሳቀው። «ድስቱን ለእሱ፣ ክዳኑን ለእሷ!» እያለ ስንት ጊዜ አሾፈብን። ሁለታችንም ኩራት ይዞን አልተመለስንም። እኔ ከዶን ኤቫሪስቶ የሚገጥም አሮጌ ካሜራ ተዋስኩ፣ አንተም ከሰው ሌንስ መዋስ ጀመርክ። ከፎቶ ጓደኞቻችን ጋር የምንገናኝበትን እሑድም ተካፈልነው፤ አንዱ ያንተ፣ ተከታዩ የእኔ። እንዳንገናኝ።

አደባባዩ ላይ ከላፓቾው ዛፍ ሥር ያ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አሁንም ይነጠፋል። ሌንሱ፣ ባትሪው፣ አንድ እግሩ በገመድ የታሰረው የኦስማር ትራይፖድ፣ ሁሉም እዚያው ይደረደራል። አንተ ያወጣኸው ደንብም አልተለወጠም። የፈለገ የፈለገውን ሌንስ ሳይጠይቅ አንስቶ ይወስዳል፣ ሲመልስ ግን ያነሳበትን ፎቶ አሳጥቦ እዚያው ልብሱ ላይ ይዘረጋል። የእኔ እሑድ ሲደርስ ያንተ እሑድ ፎቶዎች ከኦስማር ካርቶን ውስጥ ይጠብቁኛል። ሁሉንም አያለሁ። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ እንጂ ብትጠይቀኝም አልዋሽህም፤ ስለምትናፍቀኝ ነው።

መጀመሪያ የመለስከው የሊዝን ሰፊ ሌንስ ነው። ኦስማር እንደነገረኝ «ይሄ ሌንስ መስመር ያጣምማል፤ የባቡር ጣቢያው ዓምዶች እንደ ሙዝ ጎበጡብኝ» አልክ። ቀጥሎ የኦስማርን። እሱም ያጣምማል። ከዚያ የዶን ኤቫሪስቶን፤ «ፎከሱ ይሸሻል» ብለህ ሌንሱን ሁለቴ አስከፈትካቸው። ደግ ነገር አላሰብኩም። ሰውዬው አርጅቶ ነጭናጫ ሆነ ብዬ ለብቻዬ ስቄብሃለሁ።

ከዚያ የእኔን ሃምሳ ሚሊሜትር ወሰድክ። የማን እንደሆነ አላወቅኩም እንዳትለኝ። ጎኑ ላይ ያለችው ጭረት በኢንካርናሲዮን ካርኒቫል ዕለት ከእጅህ አምልጦ ሲወድቅ የወጣች ናት፤ በጣትህ ዳብሰህ ታውቃታለህ። ስትመልሰው ያልከውን ኦስማር እየሳቀ አደረሰኝ። «ሃምሳውም ተበላሽቷል። ሴፌሪና አያያዝ አታውቅም።»

ደሜ ፈላ! ስንቱን ዓመት በደረቅ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ሻጋታ እንዳይዘው በየሳምንቱ ፀሐይ እያሞቅኩ ያቆየሁትን ሌንስ! በነጋታው ትምህርት ቤት ይዤው ሄድኩና ተማሪዎቼን በዕረፍት ሰዓት እያነሳሁ አንድ ፊልም ጨረስኩበት። አሳጥቤ ሳየው ሽፋሽፍታቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ላሸንፍህ ነው ብዬ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርህ አልችልም። እሑድ እስኪደርስ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ የምናገረውን ስለማመድ ነበር የከረምኩት።

እሑድ ደረሰና ሄድኩ። ሊዝ ጸጉር ቤቷን ዘግታ ትኩስ የቺፓ ዳቦ ይዛ መጥታለች። ኦስማር በበረዶ ውሃ የተዘፈዘፈ የቴሬሬ ቅጠል መጠጥ እየቀዳ የቀንድ ዋንጫውን በየተራ ያድላል። ዶን ኤቫሪስቶ ያቺን ተጣጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው ሌንስ ይወለውላሉ። የእኔን ፎቶዎች ካንተዎቹ ጎን ዘረጋኋቸው።

«ይኸውላችሁ» አልኩ። «ሁለቱም በአንድ ሌንስ የተነሱ ናቸው። አያያዝ የማታውቀው ሴት ባበላሸችው ሌንስ!»

«አንቺ ሴትዮ» አለ ኦስማር፣ «የፈታሽው አልበቃ ብሎሽ አሁን ደግሞ በፎቶ ልትከሺው ነው? ጠበቃ ልጥራልሽ?»

«ቀልዱን ተውና እይ።»

እኔም አብሬው አየሁ። ቺፓ ሻጯን አንስተሃታል፤ ፊቷ ብዥ ብሏል፣ ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ግን ጥርት ብሏል። ዓሣ አጥማጁ ብዥ ብሏል፣ ከኋላው ያለው ጀልባ ጥርት ብሏል። ካርቶኑን አውርጄ የቀድሞዎቹን አወጣሁ። በሊዝ ሌንስ ያነሳኸውም፣ በኦስማር ሌንስ ያነሳኸውም አንድ ነው። የባቡር ጣቢያው ዓምዶች ደግሞ ወረቀቱ ላይ ምንም አልጎበጡም። ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«ሊዝ» አልኩ፣ «ያንቺ ሌንስ መስመር ያጣምማል?»

ሊዝ ቺፓዋን አስቀመጠች። «ኧረ አያጣምምም። እሱ ግን በካሜራው እያየ ‹አየሽ፣ ጎብጧል› ሲለኝ ‹አዎ፣ ትንሽ› አልኩት። ምን ልበለው ሴፊ? ሲያወራ እንዴት እንደሚሆን ታውቂው የለ።»

«እኔም ‹አዎ› ብዬዋለሁ» አለ ኦስማር። ፊቱ ላይ የቀረ ቀልድ አልነበረም።

ወደ ዶን ኤቫሪስቶ ዞርኩ። መወልወላቸውን አላቆሙም።

«ዶን ኤቫሪስቶ፣ እርስዎ ሌንሱን ከፍተው አይተውታል። ምን አገኙበት?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን አሉት?»

«አስተካክዬዋለሁ አልኩት።»

«ሁለቴም?»

«ሁለቴም።» ጨርቁን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ተይኝ የኔ ልጅ። አባቱ ክሪስፑሎ አብሮ አደጌ ነው። እሱም ዐይኑን ሲጀምረው የበሩ መቃን ተጣመመ ብሎ አናጺ ጠርቶ ነበር። አናጺው ለካ፣ ለካ፣ ምንም አጣበት። ደህና ነው ቢለው ክሪስፑሎ ሰደበውና ሌላ አናጺ አስመጣ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አሁን ይሄንን ለልጁ በምን አፌ ልንገረው?»

ኦስማር ቀንዱን ሞልቶ ሲሰጠኝ ጠጥቼ መለስኩለትና «አመሰግናለሁ» አልኩት።

«እንዴ! ገና በሁለተኛው ዙር ታመሰግኛለሽ?»

አመሰግናለሁ ያለ ከዙሩ ወጣ ማለት ነው። እኔም ወጣሁ። ፎቶዎቼን እዚያው ትቼ እስከ ወንዙ ዳር በእግሬ ሄድኩ። አለቀስኩ ኢሲድሮ። ላሸንፍህ የመጣሁበት ነገር ይሄ መሆኑ አሳፈረኝም፣ አስፈራኝም።

አባትህን እኔም አስታውሳቸዋለሁ። ዐይናቸው ጠፍቶ በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ ስገባ ፊቴን በመዳፋቸው ዳብሰው «ሴፌሪና ነሽ ወይስ ጎረቤቷ?» ይሉኝ ነበር፤ ጎረቤቷ ብትሆንም ቅር እንደማይላቸው እያስመሰሉ። አንተ ትስቅና ወጥ ቤት ገብተህ ግድግዳውን ተደግፈህ ትቆም ነበር። አንድ ቀን እዚያው ሆነህ «እንደሱ ከምሆን ብሞት ይሻለኛል» አልከኝ። ይህንን ሁላችንም ሰምተንሃል፤ ለኦስማርም ብለኸዋል፣ ለዶን ኤቫሪስቶም። ስለዚህ ነው ሁሉም ወደውህ ዝም ያሉት። ስለዚህ ነው ሌንሶቻቸውን ባልሠሩት ጥፋት ያሰደቧቸው።

በማግስቱ መነጽሬን ላስለካ ብዬ ዐይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩና ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። ያላየሁትን ሰው በሽታ አልናገርም አለችኝ፤ ልክ ናት። ግን አንድ ነገር አስረዳችኝ። የሰው ሁለት ዐይኖች ይሸፋፈናሉ አለች። አንዱ ሲታመም ደህናው ይሠራለታል፣ ባለቤቱም ሳያውቅ መንገድ ያቋርጣል፣ ጋዜጣ ያነባል። አንተ ግን ካሜራ ስታነሳ ሁልጊዜ ግራ ዐይንህን ጨፍነህ በቀኙ ነው የምታየው። እኔ ራሴ ከጎንህ ቆሜ ስንት ዓመት አይቼሃለሁ። ደህናውን ጨፍነህ በታመመው እያየህ ይሆናል። መንገድ ላይ ቀጥ ያለው ዓምድ ካሜራው ውስጥ የሚጎብጥብህ ለዚህ ይሆናል። እንዳንተ ያለ ሰው ደግሞ ይህ ሲገጥመው ሌንስ ይቀይራል እንጂ ሐኪም አይጠይቅም። አባትህ አናጺ ቀየሩ፣ አንተ ሌንስ ቀየርክ።

በአባትህ ጊዜ ምንም አልነበረም። አሁን በሽታው የእሳቸው ዓይነት ከሆነ መርፌ አለ። የጠፋውን አይመልስም፣ የቀረውን ግን ሊያቆይ ይችላል፣ ቶሎ ከተጀመረ። «ቶሎ» የምትለዋን ቃል ደግማ ደጋግማ አለቻት። አንተ እኮ ሌንስ እየቀያየርክ የዝናቡን ወራት ሙሉ ጨርሰሃል።

ከደብዳቤው ጋር ባለካሬ ወረቀት አለ፤ ለተማሪዎቼ ከማድለው ነው። መሃሉ ላይ ነጥብ አድርጌበታለሁ። የማንበቢያ መነጽርህን አድርግ፣ ግራ ዐይንህን በመዳፍህ ሸፍን፣ በቀኙ ነጥቡን ብቻ እይ። ደህና ሆኖ ከታየህም ሐኪሟ ዐይንህን ትየው። እኔን ግን ያን ጊዜ «ያቺ አራሚ» እያልክ በአደባባዩ ሁሉ ስደበኝ፣ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ተሸንፌ አላውቅም። መስመሮቹ ነጥቡ አጠገብ ከጎበጡ ግን፣ እባክህ ኢሲድሮ፣ ወረቀት ላይ ሌንስ የለም።

ይህንን የምነግርህ እኔ መሆኔ ሰልችቶኛል። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ስህተት በቀይ ሳሰምር እውላለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ ያንተን። ያኔ «ከአንቺ ጋር መኖር በየቀኑ ፈተና መቀመጥ ነው» ብለኸኝ ነበር፤ ያን ዕለት ብጮህብህም ነገሩ ገብቶኛል። ሌላ ሰው በነገረልኝና እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ እንኳ «አይዞህ፣ ምንም የለም» የምትለዋ በሆንኩ። ኦስማርን ለመንኩት፤ «ከእኔ ከሰማው ቀልድ ይመስለዋል» አለኝ። ዶን ኤቫሪስቶን አልለመንኳቸውም፤ «በምን አፌ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ዞሮ ዞሮ እኔው ላይ ወደቀ። አሁንም እወድሃለሁ ወይ ብትለኝ እንደ ድሮው አይደለም እልሃለሁ። ግን የቀረህን ዐይን በይሉኝታ ስታጣ ቆሜ ማየት አልችልም። አቅሙ የለኝም።

ሐሙስ ጠዋት በስምህ ቀጠሮ አስይዣለሁ። ሳልጠይቅህ ነው፤ ተቆጣ፣ ግን ተቆጥተህም ቢሆን ና። አድራሻውን ከባለካሬው ወረቀት ጀርባ በትልልቁ ጽፌዋለሁ። ዐይንህ ውስጥ ጠብታ ይጨምሩብሃል። ከዚያ በኋላ ለተወሰኑ ሰዓቶች ፀሐዩ ያሰቃይሃል፣ ሁሉም ነገር ብዥ ይልብሃል። የሚሸኝህ ሰው ይዘህ መምጣት አለብህ ብለዋል። አንተ ደግሞ ማንንም እንደማትጠራ፣ ግድግዳ እየዳበስክ አውቶቡስ ፍለጋ እንደምትወጣ አውቃለሁ።

ስለዚህ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጃለሁ፣ በሩ ላይ እቆማለሁ። እንድታናግረኝ አልጠብቅም። ምን አሉህ ብዬም አልጠይቅህም። ስትወጣ ክንዴን ብቻ ያዝ፣ ቤትህ በር ድረስ አድርሼህ እመለሳለሁ። መንገዱ ላይ ደረጃ ሲመጣ «ደረጃ» እልሃለሁ። ሌላ ቃል ከአፌ አይወጣም።

ሐሙስ በሩ ላይ የምትቆመው፣
ሴፌሪና