ሁለተኛ ማርሽ ላይ የቀረችው መኪና

ይድረስ ለልጄ ለሊዲያ። የሳሪሱ አቦ ከክፉ ሁሉ ይሰውሩሽ። እኛ ደህና ነን።

ማክሰኞ ማለዳ ጎረቤታችን ኡምሀኒን ምጥ ያዛት። የአባትሽ አሮጌ የናፍጣ መኪና በብርዱ አልነሳም አለች። «ሞተሩን የሚያሞቀው ካንዴሊቲ ተቃጥሏል፤ ግፉኝ!» አለ አባትሽ። ሰፈርተኛው ቁልቁል ገፋት። ሁለተኛ ማርሽ ሲያስገባ አጓርታ ተነሳች፤ ማርሹ ግን አልወጣ አለ።

«ጋሽ ተሰማ፣ ይፍጠኑ እንጂ!» ትላለች ኡምሀኒ።

«አይዞሽ ልጄ፣ ከዚህ በላይ አትሄድም» ይላታል።

በዚያው ማርሽ ጤና ጣቢያ ደረስን። ኡምሀኒ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ካምቢዮው ወርዶ እየተሠራ ነው።

በሰላም ያገናኘን። እባክሽ ልጄ፣ ስትደውይ መኪናዋን ሽጣት አትበዪው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

እናትሽ ብዙወርቅ