የአባ ዝናር መርዶ

ቢቸና፣ የካቲት ፲፬ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም.

ለተከበሩ የተንቀሳቃሽ ፊልም ትርዒት ክፍል ኃላፊ፤ ባሉበት።

የተከበሩ ጓድ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ሾፌርዎ፣ የመብራት ሞተርዎና ያ ከሁለት ቀበሌ ማዶ የሚሰማው ድምፅ ማጉያዎ ደኅና ናቸው? እኛ ፊልሙን ከላኩልን ወዲህ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ በሕይወት አለን። ይህን አስቀድሜ መግለጤ፣ ማን እንደሞተና ማን በሕይወት እንዳለ ለሕዝብ ማስታወቅ የመሥሪያ ቤትዎ ተጨማሪ ተግባር መሆኑን ሰሞኑን በዓይናችን ስላየን ነው።

ስሜ ሰብለ ወንጌል ኃይለ ጊዮርጊስ ይባላል። በዚሁ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ስመታ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ልብስ ሰፊው ደምለው ፋንታ ሲሆን፣ በጥር ወር ፲፱፻፸ ዓ.ም. «ለአጭር ጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ በቀትር ከሱቁ ከተጠራ ወዲህ ይኸው አሥር ዓመት አለፈው። ሞቷል ያለኝ የለም፤ አለ ያለኝም የለም።

ዛሬ የምጽፍልዎ ግን ስለ ፊልሙ ነው። ሰዎችዎ «የተመልካች አስተያየት መስጫ» የሚል ቅጽ አድለውን ሄደዋል። ለአስተያየት የተተወው ቦታ ሁለት መስመር ብቻ በመሆኑ፣ የከተማችን ሰው አስተያየት ደግሞ በሁለት መስመር የሚያልቅ ባለመሆኑ፣ «አንቺ የመሥሪያ ቤት አጻጻፍ ታውቂያለሽ፤ የሁላችንንም ሰብስበሽ ጻፊልን» ብለውኛል። ስለዚህ አንዱን ቅጂ ለእርስዎ እልካለሁ፤ ሌላውን ማንም እንዲያነበው ፊልሙ ከታየበት አዳራሽ በር ላይ እለጥፈዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መዘግየቱ ምስጋና እናቀርባለን። የዚህ ፊልም አንደኛ ክፍል ቢቸና የገባው በ፲፱፻፷፩፣ ሁለተኛው በ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. ነበር። የውጭ ፊልም ነው፤ ጀግናው በአገሩ ማን እንደሚባል እስከ ዛሬ አናውቅም። ፈረስ ላይ የሚውል ሰው ያለ ፈረስ ስም አይሆንም ብሎ፣ ፈረሱን ዝናር፣ ሰውየውን አባ ዝናር ያሰኘው ባለቤቴ ነው። ደምለው መቀስ ከመያዙ በፊት ቅኔ ቤት የከረመ ሰው ነበር። ከሸራው አጠገብ ዘንግ ይዞ ይቆምና ባዕዳኑ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር በአማርኛ ይናገርላቸዋል። ቋንቋቸውን አንዲት ቃል እንደማያውቅ እኔ አውቃለሁ፤ ከተማውም ያውቅ ነበር። ግን ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል? ከእሱ አፍ የሚወጣው ከፊልሙ ይበልጥ ነበር።

ሁለተኛው ክፍል የሚያልቀው፣ አባ ዝናር በወዲያኛው ዳር ታስሮ የሚጠብቀውን ወንድሙን ለማስፈታት ከነፈረሱ ክረምት የሞላው ወንዝ ውስጥ ሲገባ ነው። ውሃው ፈረሱን እስከ አንገቱ ሲውጠው ሥዕሉ ቀጥ አለ፤ መብራት በራ። አዳራሹ በሙሉ ወደ ደምለው ዞሮ «ተሻገረ?» አለ። «ተሻግሯል፤ ሦስተኛው ክፍል ሲመጣ ታያላችሁ» አለ። በዚህች ቃል አሥራ ስድስት ዓመት ኖርን። በጉብዝናቸው ዓባይን በዋና የተሻገሩ ሽማግሌዎቻችን፣ ከወራጁ ጋር ሳይጣላ ዘንበል ብሎ ከቀዘፈ እንደሚወጣ መስክረዋል፤ በየሠርጉና በየማኅበሩም ስንት ጊዜ ተከራክረንበታል። ከመቅረት መዘግየት ይሻላል ይባላልና፣ መሥሪያ ቤትዎ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ የሰውየውን ነገር አጣርቶ መምጣቱ በአገራችን የሚዘገይ እንጂ የሚጠፋ ነገር እንደሌለ አረጋግጦልናል። በተለይ እኔ በዚህ ከልብ ተጽናንቻለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ መርዶው አነጋገር ጥቂት ቅሬታ አለን። በጥር ወር መጨረሻ፣ ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፈኑ። ሸራው፣ ደምለው ከሞጣው ነጋዴ ከሐምዱ የገዛውን አቡጀዲ ገጥሞ የሰፋው ያው የጥንቱ ነው፤ ስፌቱ እስከ ዛሬ አልተተረተረም። ደምለው ይቆምበት በነበረው ቦታ ላይ ክራባት ያሰሩት ትሑት ተርጓሚዎ ወረቀትና ድምፅ ማጉያ ይዘው ቆሙ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለውን ተረት እኔ በእሳቸው ላይ አልጠቅስም። ሥዕሉ ገና ሳይንቀሳቀስ «የዚህ ታሪክ ዋና ሰው ከብዙ ዓመት በፊት ወንዝ ሲሻገር ሞቷል፤ ዛሬ የምታዩት ልጁን ነው» ሲሉ አነበቡ። አነበቡና ውሃ ጠጡ።

ከዚያ ቅመም ነጋዴዋ ይርጋነሽ ከኋላ ወንበር «ወየው ወንድሜን! ውሃ በላው!» ብላ ተነሣች። ሴቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቀዘቀ፤ ወንዱ ባርኔጣውን አወለቀ፤ አንዷ ሙሾ አወጣች፣ ሌላው ተቀበለ። ተርጓሚዎ «ጓዶች፣ ተረጋጉ፣ ይህ እኮ ፊልም ነው!» እያሉ በማጉያው ጮኹ። ያን ጊዜ የሰማንያ ዓመቱ መሪጌታ ውበቴ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡና «ልጄ፣ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ በቀስታ ነው። ለመሆኑ ጠዋት የት ነበርክ?» ብለው ገሠጿቸው። ተርጓሚዎም ጠዋት የተበላሸ ሞተር ሲያሠሩ እንደነበር በትሕትና መለሱ። መሪጌታ ይህን እንደ በቂ ምክንያት አልተቀበሉትም፤ እርስዎ ግን እንደሚቀበሉት አልጠራጠርም።

እኔም አለቀስኩ። ለማን እንደማለቅስ የጠየቀኝ የለም። ሞቱ ላልተነገረ ሰው ማልቀስ ሟርት ይሆንብኛል ብዬ አሥር ዓመት እንባዬን ስውጥ ኖሬ፣ ያን ቀን በአባ ዝናር አሳብቤ፣ በሰው ፊት፣ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። ለዚህ ዕድል መሥሪያ ቤትዎን አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ በቅጹ ላይ ቦታ ስላልተተወላቸው ስለ አማቴ እገልጻለሁ። አብረውኝ የሚኖሩት አማቴ እመት ፈንታነሽ ዓይናቸው ስለደከመ ከደጃፍ ርቀው አይሄዱም። ከአዳራሹ የወጣው ሕዝብ ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ፣ እንባውን እየጠረገ በደጃቸው ሲያልፍ አዩት። አሥር ዓመት ሙሉ የጠበቁት መርዶ የመጣ መሰላቸው። ብድግ ብለው መቀነታቸውን አጥብቀው «በሉ ንገሩኝ፣ ልጄን ንገሩኝ፣ አልወድቅባችሁም» እያሉ መንገድ መሃል ወጡ። ሕዝቡ ቆመ። እኔ ከኋላ ደርሼ እጃቸውን ያዝኩና፣ የሞተው ደምለው ሳይሆን አባ ዝናር መሆኑን፣ አባ ዝናርም የፊልም ሰው መሆኑን አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና «እሱስ ታድሏል፤ ሞቱን የሚናገርለት ሰው ከነመኪናው መጣለት» አሉ። ከዚያም ገብተው መቀነታቸውን ፈቱ።

ጓድ ኃላፊ፣ ሰው የልጁን ሞት ሳይሰማ ሲቀር «እልል» ይላል እንጂ እንደዚያ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ አይገባም። እኔም ያን ዕለት እንዲሆን የምመኘው የቱን እንደነበር ዛሬም አላውቀውም።

አራተኛ፣ የሞጣ ተመልካቾች አስተያየት የሚከተለው ነው። የቢቸና ሰው ነገሩን አልተቀበለምና «ምናልባት የሞተው እዚህ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሞጣ ሄደሽ አጣሪልን» ብሎ በእህል መኪና አሳፈረኝ። በሳምንቱ ሞጣም ላይ ሞተ፤ በዚያው ወረቀት፣ በዚያው ብርጭቆ ውሃ። ልጅዬውን በተመለከተ፣ ኮርቻ ላይ እንደ እንግዳ እንደሚቀመጥ፣ ከአጋማሹ በኋላም ፈረሱን ጥሎ መኪና እንደሚነዳ፣ አባቱንም በምንም እንደማይመስል ተመልካቹ ተስማምቷል። ይበልጥ ያስገረማቸው ግን ሌላ ነው። ወዲያኛው ዳር ላይ ታስሮ ይጠብቅ የነበረውን የአባ ዝናርን ወንድም ፊልሙ አንዴም አላነሣውም። ታስሮ የሚጠብቅ ሰው እያለ እሱን ረስቶ ታሪክ እንዴት ይቀጥላል ሲሉ ጠይቀዋል። ጥያቄው ስለ ፊልሙ ብቻ መሆኑን አጥብቄ አስገነዝባለሁ።

ደምለው ጨርቅ ሊገዛ ሲሄድ በቤቱ ያሳርፈው የነበረው ሐምዱ፣ ተርጓሚዎን «ማን አየው? ማን ቀበረው? ሬሳው ያልተገኘን ሰው ሞተ ብሎ የሚናገር...» እያለ ይሞግት ነበር። በመሃል እኔን አየኝና የጀመረውን ሳይጨርስ ተቀመጠ። ሚስቱ ዓሊማ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። በማግስቱ ወደ መኪናው ሲሸኘኝ ግን «ደምለው ቢኖር ኖሮ ያሻግረው ነበር» አለኝ። ይህንኑ ቃል ቢቸና ላይም ስንቱ ሰው፣ ሳይመካከር፣ ብሎኛል። አስተያየቱ በአንድ መስመር ይጠቃለል ካሉኝ የሁለቱ ከተማ ተመልካች አስተያየት ይኸው ነው።

ደምለው ለምን እንደሌለ እኔ የማውቀው ይህን ያህል ነው። በዚያው በ፲፱፻፸ ዓ.ም. ስለ ትራክተር የሚያስተምር ፊልም መጥቶ ነበር። ተርጓሚ አልመጣለትምና ሕዝቡ ደምለውን አስነሣው። እሱም ባለ ትራክተሩን የአባ ዝናር አማች አደረገው፤ ትራክተሩንም ገብስ አበላው፤ አዳራሹ በሳቅ ተነቃነቀ። እንዲህ ስቀን አናውቅም ነበር። በአራተኛው ቀን ጠሩት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማ ነበር።

አምስተኛውና የመጨረሻው ስለ አቤቱታዬ ነው። በ፲፱፻፸፫ ዓ.ም. ባለቤቴ ያለበት እንዲነገረኝ አመልክቼ ነበር። የማመልከቻዎች መልስ የሚወጣው ከምሠራበት ቢሮ በመሆኑ፣ መልሱን የመታሁት እኔው ነኝ። አለቃዬ ዓይኔን ሳያዩ በቃል አስጻፉኝ፦ «ጉዳዩ በመጣራት ላይ ስለሆነ በትዕግሥት እንዲጠባበቁ እናስታውቃለን።» ስሜን ሳልሳሳት በአራት ቅጂ መታሁት፤ ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼም አንዱን ፈርሜ ከራሴ ተቀበልኩ። ያችን ዓረፍተ ነገር ለሌሎችም ሴቶች ብዙ ጊዜ መትቻታለሁ፤ ጣቱ የእኔ ነው እንጂ ቃሉ የእኔ አይደለም እያልኩ። ከእነሱ አንዷን ገበያ ላይ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። በዚህ ደብዳቤ ይቅርታ የምጠይቀው እነሱን ብቻ ነው።

እንግዲህ የተከበሩ ጓድ፣ እውነተኛ ስሙን እንኳ የማናውቀው ባዕድ ሰው በየትኛው ወንዝ፣ እንዴት አድርጎ እንደሞተ አጣርቶ፣ ይህንኑም በሁለት ከተማ የሚያስነግር መኪናና ሰው የመደበ መንግሥት፣ የቢቸናውን ልብስ ሰፊ የደምለው ፋንታን ነገር ማጣራት ይሳነዋል ብዬ ለማመን እቸገራለሁ። እመት ፈንታነሽ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አልጋ ይዘዋል። መሪጌታ ውበቴ ሞቱ ሳይታወቅ ፍትሐት እንደማይደረግ፣ ተዝካርም እንደማይወጣ ነግረውናል፤ እውነታቸውን ነው። እመት ፈንታነሽ ትናንት ወደ አልጋቸው ጠርተውኝ «መርዶውን ሳልሰማ ብሞት፣ ወዲያ ስደርስ ልፈልገው ወይስ ልጠብቀው?» ብለው ጠየቁኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ጥያቄና የመንግሥት መልስ ስመታ ኖሬ ለዚህ የምመልሰው አጣሁ። ሞቶ ከሆነ ንገሩን። በሕይወት ካለም ንገሩን። እባክዎን፣ እሳቸው ሳይሞቱ።

በዚህ ቦታ ላይ ዘወትር የምመታው የመሰናበቻ መፈክር ነበር፤ ዛሬ ትቼዋለሁ። በእሱ ፈንታ ለሞተርዎ ነዳጅ፣ ለመንገድዎ ሰላም፣ ለእርስዎም ከቤተሰብዎ እያንዳንዱ የት እንደሚያድር እያወቁ የሚተኙበት ረጅም ዕድሜ ተመኝቼ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ሰብለ ወንጌል ኃይለ ጊዮርጊስ
የደምለው ፋንታ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለአዳራሹ በር፤
ለሐምዱ ሱቅ፣ ሞጣ፤
ለእመት ፈንታነሽ፣ የሚነበብላቸው።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቅጹ ሦስተኛው ተራ ላይ የተመልካቿን የጋብቻ ሁኔታ ይጠይቃል፤ «ያላገባች፣ ያገባች፣ የፈታች፣ ባሏ የሞተባት» ከሚሉት በአንዱ ላይ ምልክት እንዳደርግም ያዛል። ግርጌው ላይ «ያልተሟላ ቅጽ ተቀባይነት የለውም» ስለሚል፣ መልሱም ያለው እናንተ ዘንድ እንጂ እኔ ዘንድ ስላልሆነ፣ ባዶውን አያይዤ ልኬዋለሁና ሞልተው ይመልሱልኝ።