በቅንፍ የታሰረው መብራት

ውድ ታናሽ ወንድሜ፦

«ውድ» የሚለውን ቃል የጻፍኩት እጄ እንቢ እያለኝ ነው። የእናታችን ልጅ ነህና ግን አልነፍግህም።

በሾፌርህ በኩል የላክኸው ጥያቄ ደርሶኛል። ቅዳሜ በሚደረገው የሕዝብ ስብሰባ ከጎንህ ቆሜ፣ የከተማችንን ግድብ የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ጎረቤት አገር ለሚያሻግረው ጣቢያ ጎረቤቶቼ የግጦሽ መሬታቸውን እንዲለቁ እንድመክርልህ ፈልገሃል። «ጋሼ ከተናገረ ማንም አፉን አይከፍትም» ብለሃል አሉ። እውነት ነው፣ ይሰሙኛል። የሚሰሙኝ ግን ዋሽቻቸው ስለማላውቅ ነው፤ አንተም እንዳውስህ የምትለምነኝ ይህንኑ እምነታቸውን ነው።

ባለፈው እሑድ በእህታችን ቤት ምሳ ላይ ያወራኸውን መቼም አልረሳኸውም። የኃይል ሽያጩን ስምምነት ፈርመህ መምጣትህ ነበርና ደስታህ ልክ አልነበረውም። የሙያችሁን ወግ አስረዳኸን፤ ያልተስማማችሁበትን ዓረፍተ ነገር በቅንፍ ታስሩታላችሁ፤ ስትስማሙ ቅንፉ ይነሣል፣ ካልሆነ ከነቅንፉ ይሰረዛል። እኛም ለካ በቅንፍ ውስጥ ኖረናል፦ «ኃይሉ ድንበር ከመሻገሩ አስቀድሞ ለግድቡ አካባቢ ከተማ መብራት ይገባል።»

«በመጨረሻው ቀን ሁለት ቅንፍ ቀረን» አልክ፣ እጅህን እየጠረግህ። «እነሱ ኃይል ብናቋርጥ የምንቀጣበትን አንቀጽ ተዉልን፣ እኛ የከተማዋን ተውን። ባዶ እጃችንን ግን አልወጣንም! ‹ሁለቱ ወገኖች የአካባቢውን ነዋሪዎች ፍላጎት በአዎንታ ተመልክተውታል› የሚል አስገባን። ጠንካራ ቋንቋ ነው።»

እህታችን ሳህኑን ከፊትህ አነሣች። «እና ይሄ አዎንታ ስንት አምፖል ያበራል፣ ክቡር አምባሳደር?»

«እትዬ ደግሞ! ዲፕሎማሲ እኮ ነው።»

«ማዋለጃ ክፍሌ ውስጥ ዲፕሎማሲ የሚሰካበት ሶኬት የለማ!»

ከት ብለህ ሳቅህ። እኔ አልሳቅሁም። እርሷ በዚያው ሳምንት የጤና ጣቢያው ጄኔሬተር ነዳጅ ጨርሶ የሕፃናት ማሞቂያው ሲጠፋ፣ ያለ ቀኑ የተወለደን ልጅ በሹራቧ ጠቅልላ፣ እናቱ ደረት ላይ አስራ፣ እግሮቹን በትንፋሿ ስታሞቅ የዋለች ሴት ናት። ልጁ ተርፏል። የሚቀጥለው ይትረፍ አይትረፍ የሚያውቅ የለም። በመስኮቷ ቀና ብትል የሚታያት በጣሪያዋ ላይ አልፎ የሚሄደው የእናንተ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው።

ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ። ቃል የተናጋሪው ክብር ነው ብዬ፣ ተቆጥቼም ገሥጬም አሳደግሁህ። ዛሬ ጨለማን «የኃይል ማመጣጠን»፣ መሬት መንጠቅን «የልማት አጋርነት» የምትሉት አንተና ባልንጀሮችህ ናችሁ። ቃላችሁ የማንንም ጆሮ አይጎረብጥም፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ሰው ሲሰደብ ያውቃል፣ መልስም ይሰጣል። «በአዎንታ ሲታይ» ግን የተነጠቀውን ሳያውቅ አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይገባል።

የምትለኝን ከወዲሁ አውቀዋለሁ፤ የወዲያኞቹ ጉልበተኞች ናቸው፣ አገር የውጭ ምንዛሪ ያሻታል። ይሁን። ሽጡት። ድኃ አገር ያላትን ብትሸጥ አልነቅፍም። «ሸጥነው፤ ለእናንተ አይደርሳችሁም» ብሎ ፊት ለፊት የሚናገር አንድ ሰው ግን ከመካከላችሁ መጥፋቱ ያሳፍራል። መናገር ያቃታችሁ እውነቱ ከባድ ሆኖባችሁ አይደለም፤ ብትናገሩት መሬቱን የሚሰጣችሁ ሰው እንደማታገኙ ስለምታውቁ ነው።

እንግዲህ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ከጎንህ ግን አልቆምም። የተሰረዘውንም በምትኩ የገባውንም ዓረፍተ ነገር ለሕዝቡ አነብለታለሁ። አንዲት ቃል አልጨምርም፤ አልተረጉምም። ከዚያም ስለ መሬታቸው ራሳቸው ይፍረዱ። የተሰረዘውን አስመልሰህ ከመጣህ ግን አንተው አንብበው፤ እኔ በደስታ ከኋላ እቀመጣለሁ።

ሰብሳቢው ከአንተ ቀድሜ እንድናገር ፈቅዶልኛል። እንዳትቆጣው፤ ሚስቱ ወሯ ገብቷል፤ የምትወልደውም እህታችን ዘንድ ነው።

እስከዚያው ጤናህን ይጠብቅልኝ።

ታላቅ ወንድምህ