የሙከራ ማሳዬን ስላስገለበጡልኝ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩ የበቆሎ ምርምር ማዕከላችን ዋና ዳይሬክተር፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎን እንዳመመዎት ሰምቼ አዝኛለሁ፤ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብለው ስለማያውቁ ጥፋቱን በወንበሩ አሳብቤያለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዓይንዎ ጥራት ላመስግን። ከየገበሬው ጓሮ የለቀምኳቸውን ቀይ፣ ነጭና ዝንጉርጉር በቆሎዎች በሽታ ከማይችለው ምርጥ ዘራችን ጋር ለዓመታት ያዳቀልኩበትን ማሳ ባዩ ጊዜ፣ አንዱ ረጅም ሌላው አጭር መሆኑን እንደ ነውር ቆጥረው፣ “እንግዶች ሊመጡ ነው፤ ይህን የተንጨባረረ ነገር አስተካክሉት” ብለዋል። የሙከራው ዓላማ ይኸው መለያየታቸው መሆኑን ለማስረዳት መሞከሬ ድፍረት ነበር።

ሁለተኛ፣ ማስተካከል ማለት በትራክተር መገልበጥ መሆኑን ስላስተማሩኝ። እናቴን ላስታምም ሆስፒታል በተቀመጥኩበት ሾፌራችን ደውሎ፣ “እህቴ፣ እጄ እምቢ እያለኝ ነው፤ ግን አለቃ አጠገቤ ቆመዋል” አለኝ። እናቴ ፊቴን አይታ ማን እንደሞተ ጠየቀችኝ።

ሦስተኛ፣ ለእንግዶችዎ ያሳዩት፣ እንደ ወታደር የተሰለፈው የምርጥ ዘር ማሳ ከጉብኝቱ በኋላ ቅጠል የሚያደርቅ በሽታ ሲገባበት፣ አንዱ ከሌላው ሳይለይ ባንድነት ደረቀ። ዲሲፕሊን ይሏል እንዲህ ነው። ሾፌሩ “አጥሩ ትራክተሩን አያስዞረኝም” ብሎ ጥግ ላይ ያተረፋቸው ጥቂት የእኔ በቆሎዎች ግን እዚያው በሽታው መሐል ለምልመው ቆሙ፤ የሌላ በቆሎ ብናኝ እንዳይደርስባቸው የወረቀት ከረጢት እያለበስኩ በእጄ አዳቅዬ ዘር አስያዝኳቸው። ይህንኑ ዘር በቴሌቪዥን ቀርበው “በአመራራችን ብርቱ ክትትል የተገኘ” ሲሉት፣ ከታመመች ጀምሮ ጥርሷን አሳይታን የማታውቀው እናቴ ከአልጋዋ ላይ ሳቀች። ሐኪሞቿ ላቃታቸው መድኃኒት ከልብ አመሰግናለሁ።

ዘሩን በሙሉ እንዳስረክብ ላስተላለፉት ትዕዛዝም መልስ አለኝ። ግማሹ መጋዘን ገብቷል፤ ግማሹን መጀመሪያ ዘር ለሰጡኝ ገበሬዎች መልሻለሁ። ለሚቀጥለው ጉብኝት ማስገልበጥ ካስፈለገ እንግዲህ የየሰዉን ጓሮ በር ማንኳኳት ሊኖርብዎ ነው። ውሻ ያላቸው ብዙ ናቸው።

ባዶ መሬት ሲያዩ የሚረኩትን ዓይኖችዎን ፈጣሪ እንዲጠብቅልን እየተመኘሁ፣ መሬት እስክነካ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤ እኔማ መጎንበስ ለምጄዋለሁ።

የማዳቀል ክፍል ባልደረባዎ

ማስታወሻ፦ ቁመቱ እኩል የሆነ፣ በሽታ የማይነካው፣ ዝናብም የማይጠይቅ ተክል ካማረዎት፣ ከቢሮዎ ማዶ ያለው ሱቅ የፕላስቲክ አበባ ይሸጣል። አዳቃይ አያስፈልገውም፤ ዳይሬክተርም እንዲሁ።