ያቺ አንዲት ጭብጨባ

ዝላታሽ ሳራንስክ ትሄዳለች! ትሄዳለች አበልጄ፣ ስሟ ገብቷል! ዛሬ ረፋድ ላይ አሠልጣኛቸው ሪማ አርካድዬቭና ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደለጠፉ ከቢሯቸው ብቅ ብለው፣ «አዎ፣ ከእኛ የምትመጣው ዝላታ ናት፣ ጻፏት» ሲሉ በእነዚህ በሁለቱ ጆሮዎቼ ሰማሁ። የማከራየውን የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ከእጄ ጥዬ፣ አንዱን ሕፃን በካልሲ አቁሜው፣ ወደ እሳቸው በረርኩ። ማታ እሳቸው ራሳቸው ይደውሉልሻል። እኔ ግን ቀድሜያቸው ልንገርሽ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። የእኔን ስልክ እንደማታነሺ አውቃለሁ። ወረቀት ግን አይጮህም፤ በበሩ ሥር ገብቶ እስኪያነሡት ዝም ብሎ ይጠብቃል።

እንግዲህ ሰላምታዬን ደስታው ዋጠብኝ። እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ እንዴት ነው? ስፌት ላይ ጎንበስ ብለሽ ስትውዪ ያን የሱፍ መቀነት ታስሪያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ወንበሩ ላይ ሰቅለሽዋል? የአማትሽ ጉልበት በዚህ ብርድ እንዴት ሆነ? ድመቷስ ወለደች? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ከፋብሪካ ሳል ይዞ መጥቶ ነበር፣ በወተትና በማር ለቀቀው።

የእኔዋ ሲማ ያሸነፈችው ቦታ እንዴት ለዝላታ ደረሰ ትይኛለሽ። ሲማን ተረከዟን አሟታል። ወደ እሱ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ፔርሙ ውድድር ቀን ልጽፍልሽ ይገባል። ካልጻፍኩት ደስ ብሎኛል ብዬ አፌን አልሞላም።

ያን ቀን እንደ ሁልጊዜው ጎን ለጎን ተቀመጥን። አንቺ ዝላታ በረዶው ላይ ስትወጣ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ፣ እጄን ትይዣለሽ፣ እኔ በጆሮሽ እነግርሻለሁ። «ተነሣች፣ አረፈች። ዞረች፣ አረፈች።» ልጆቹ አምስት ዓመታቸው ሳሉ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውኃ ተረጭቶ በሚረጋው በረዶ ላይ፣ ቂጣቸው ላይ ትራስ አስረን ስንለቃቸው ጀምሮ እንዲህ ነው። ዓይንሽ እኔ ነበርኩ።

በመጀመሪያው ዙር፣ በአጭሩ ፕሮግራም፣ ዝላታ አንደኛ፣ የእኔዋ ሁለተኛ ወጥተው ነበር። ከክልላችን ሳራንስክ ለአገር አቀፉ ውድድር የምትሄደው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ሁለተኛዋ ተጠባባቂ ተብላ ቤቷ ትቀመጣለች። በረጅሙ ፕሮግራም ሲማ ቀድማ ሠራች፣ አንቺ በሰፋሽላት በሰማያዊው ቀሚስ፣ አንድም ሳትወድቅ። ስትጨርስ አንገቴን አቅፈሽ ሳምሽኝና «እንዴት ያለች ልጅ ወለድሽ!» አልሽኝ። ከልብሽ ነበር። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።

ከዚያ ዝላታ የመጨረሻዋ ሆና ወጣች። እኔም «ተነሣች፣ አረፈች» እያልኩሽ ነበር፤ ድምፄ ያው ነበር። ውስጤ ግን «አረፈች» ባልኩ ቁጥር እየከበደኝ ሄደ። እንዲህ ያለ ነገር በእኔ ውስጥ መኖሩን አላውቅም ነበር፣ አበልጄ። ከዚያ ያ ድርብ አክስል የሚሉት ዝላይ መጣ። ተነሣች፣ አየር ላይ ዘመም አለች፣ ወደቀች። እኔ እጄን ከእጅሽ አውጥቼ አጨበጨብኩ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንቺ ጭብጨባውን ሰምተሽ፣ አረፈች ብለሽ፣ ፈገግ እያልሽ ዓይንሽን ገለጥሽ። ልጅሽ በጎኗ በረዶው ላይ እየተንሸራተተች ነበር።

ሰው ሲወድቅ ይጨበጨባል፣ አይዞሽ ተነሺ ለማለት። አዳራሹም በሙሉ አጨበጨበላት። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ «አይዞሽ ማለቴ ነው» አልኩ። ግን የአይዞሽ ጭብጨባ ልጅቷ ስትነሣ ነው የሚመጣው። የእኔ ገና ሳትቆም መጣ። አንቺ ይህን ለይተሽ ታውቂያለሽ፤ ስንት ዓመት አብረን አጨብጭበናል። ቦርሳሽን አንሥተሽ ደረጃውን ወረድሽ። ምነው በሰደብሽኝ! ጸጉሬን ይዘሽ በጎተትሽኝ! ቄሱ ዝላታን ከጥምቀቱ ውኃ አውጥተው የሰጡት ለእኔ ነው። በእነዚህ እጆች ነው የተቀበልኳት፤ በእነዚህ እጆች።

እኔ ያኔ ከአንቺ በቀር ሌላ ሰው ያየኝ አልመሰለኝም ነበር። ሲማ ግን አጥሩ ጋ ጃኬቷን ደርባ ቆማ ወደ ላይ ወደ እኛ ታይ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ስንመለስ «እማዬ፣ ለምን አጨበጨብሽ?» አለችኝ። «አይዞሽ ለማለት ነዋ» አልኳት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እንደ ዳኛ አየችኝ። ሜዳሊያውን ከአንገቷ አውልቃ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ንግግሩ «እሺ» እና «አልፈልግም» ብቻ ሆነ። ለልምምድ የሚጠቀለለውን ጸጉሯን እንኳ ራሷ እንደ ነገሩ አስራው ትወጣለች፤ እጄን ስዘረጋ ዞር ትላለች።

ልምምድ ስንጠብቅ አግዳሚው ላይማ አትጠይቂኝ። ድሮ ተጣብቀን ነበር የምንቀመጠው፤ አሁን ሰው የሚያስተኛ ቦታ ይለቁልኛል። ያቺ የመንትዮቹ አያት ክላቭዲያ፣ ምላሷን ታውቂው የለ፣ በሰው ፊት «የሲማ እናት፣ እጅሽ ተሻለሽ? እንዲያ ስታጨበጭቢ አልታመመም?» አለችኝ። ሌሎቹ ሹራባቸው ላይ አቀርቅረው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ከዚያ ዕቃ ክፍል ገብቼ የኪራይ ጫማዎቹን ጠረግሁ፣ ያልቆሸሹትንም ጭምር።

ቀጥሎ ያ ማስታወቂያ መጣ። በሩ አጠገብ ካለው ሰሌዳ ላይ፣ «የሴት ልጅ የበረዶ ጫማ፣ ስለቱ አዲስ፣ ይሸጣል» ይላል፤ ከሥሩ ስልክሽ እየተቀደደ እንዲወሰድ ተቆራርጧል። ጽሕፈትሽን ከሩቅ አወቅሁት። ሪማ አርካድዬቭና ሁለቴ ቤትሽ መጥተው ልጅቷ በሩን እንኳ እንዳልከፈተችላቸው፣ ከክፍሏ ሆና «አልመለስም፣ ጨርሻለሁ» እንዳለቻቸው ነግረውን ነበር። ማኩረፍ ነው ብዬ ነበር። ጫማ መሸጥ ግን ማኩረፍ አይደለም።

አንድ አባት ከቹሶቮይ ድረስ ልጁን ይዞ መጣ። «ይህ ጫማ አለ?» አለኝ። «ተሸጧል» አልኩት። «ታዲያ ማስታወቂያው ለምን ተለጠፈ?» አለኝ። «ስለቱም ጠማማ ነው» አልኩት። «ሴትዮ፣ ተሸጧል ወይስ ጠማማ ነው?» ቢለኝ «ጠማማ ሆኖ ነው የተሸጠው» አልኩት። ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። እሱ ከበሩ ሲወጣ ማስታወቂያውን ገንጥዬ ኪሴ ከተትኩት። ለጫማው ብሎ የሚደውል ያጣሽው ገበያ ጠፍቶ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ለዚህኛው እንኳ አላፍርም።

ምክንያቱም ዝላታ ከእኔዋ ትበልጣለች። አይተሽ ይሆናል፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ብዕሩ ወረቀቱን ቀዶታል። ሲማ ጎበዝ ናት፣ ያዘዟትን ታደርጋለች። ዝላታ ግን ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ ለአዲስ ዓመቱ ዛፍ በዓል ስትሠራ ሙዚቃው መሀል ላይ ቢቋረጥባት፣ አብራት የምትሠራው ልጅ ስታለቅስ እሷ በአፏ እያንጎራጎረች እስከ መጨረሻው ጨረሰችው። አዳራሹ ጸጥ ብሎ በዚያች ቀጭን ድምፅ ዳንሱን አየ። ሪማ አርካድዬቭና ያኔ «ይቺን በረዶው ራሱ ነው የላከልኝ» አሉ። እኔ ሰምቼ ነበር። የሰማሁ ዕለት ነው ነገሩ ውስጤ የገባው መሰለኝ፣ ሳላውቀው።

አሁን ወደ ተረከዙ ልምጣ። ሰኞ ዕለት ሲማ ከልምምድ ወጥታ ቀኝ ተረከዜን አሞኛል አለች። ሐኪሙ ፒዮትር ሳቪች እግሯን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «እዚህ ጋ ነው?» ሲሏት «አዎ» አለች። «እዚህስ?» «አዎ።» «እዚህም?» «እዚህም።» «ይቺ ልጅ እግሯ በሙሉ ተረከዝ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። ራጅ ተነሣች፤ ምንም የለም። «ልጅ አመመኝ ካለ አላመመሽም ብዬ ልጽፍ አልችልም» አሉና የሁለት ሳምንት ዕረፍት ጻፉላት። የሁለት ሳምንት ዕረፍት ማለት ሳራንስክ ቀረ ማለት ነው። እሷ ካልሲዋን እያጠለቀች ነበር፤ አላለቀሰችም።

በዚያው ቀን ወጥ እያማሰልኩ ሳለሁ፣ ከታችኛው ፎቅ ያሉት ፎማ ሉኪች የማሞቂያውን ቧንቧ በማንኪያ ይቀጠቅጡ ጀመር። አልበቃቸው ብሎ መጥተው በሩን አንኳኩ። «ምነው፣ ፈረስ ገዛችሁ እንዴ? መብራቴ ሊወድቅ ነው!» አሉኝ። «ቁም ሣጥን እያዛወርን ነው» አልኳቸው። ከሸኘኋቸው በኋላ የኮሪደሩን በር ከፈት አደረግሁ። ሲማ በካልሲዋ ነበረች። እጆቿን ዘርግታ፣ በዚያው ባመማት በቀኝ እግሯ ላይ ከዝላይ ቀጥ ብላ አርፋ ነበር። አየችኝ፤ አየኋት። በሩን ቀስ ብዬ መልሼ ዘጋሁት።

ስለ ተረከዟ ከዚህ በላይ አልጽፍልሽም። አንቺም ለዝላታ ሕመም ነው በያት፣ ሌላ ነገር አትጨምሪ። ሲማ እንዲያ ነው የምትፈልገው።

እኔ ግን አንድ ነገር አልደብቅሽም። ወዲያው ኮቴን ደርቤ ወጥቼ ነበር፣ ለሪማ አርካድዬቭና «ልጄ ደህና ናት፣ ስሟን አያውጡት» ልላቸው። እስከ ታችኛው ደረጃ ወርጃለሁ። እዚያ ጓንቴን ላጠልቅ ስል እጆቼን አየኋቸው። ቆምኩ። የልጄ ሥራ ልጄ የሠራችው ነው፤ እኔ ደግሜ እንዳላበላሸው ብዬ ተመለስኩ። ስገባ ሲማ ኩሽና ተቀምጣ ነበር። ወጡ አሯል። «የት ሄድሽ?» አለችኝ። «የትም» አልኳት። ማበጠሪያውን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «እማዬ፣ ነገ ለትምህርት ቤት ጸጉሬን አንቺ ትሠሪልኛለሽ?» አለች። ጠዋት ሠራኋት። እንዲያ ደስ ብሎኝ፣ እንዲያ ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ያልኩበት ቀን የለም።

አሁን ስሚኝ፣ ይህ አይደር። ሪማ አርካድዬቭና «ነገ ጠዋት በረዶው ላይ ካላየኋት መልሼ ደውዬ አሰርዛታለሁ፣ ከክልላችን ማንም ሳይሄድ ይቀራል» ብለዋል። አልቅሳ እንደሆነስ ብላቸው «እዚሁ መጥታ ታልቅስ፣ በረዶ ላይ እርጥበት አይታወቅም» አሉ። ዝላታ እምቢ ካለችሽ አትጨቃጨቂያት። ሲማ ጎሕ ሲቀድ እናንተ ቤት ትደርሳለች። «ካልከፈተችልኝ ደረጃው ላይ እየዘለልኩ ሕንፃውን በሙሉ እቀሰቅሳለሁ» ብላለች። እያነከሰች ትመጣለች ማለቴ ነው።

ሽኝቱ እኛ ቤት ነው። የቅበላችን ሳምንት ስለሆነ ሥጋው ከወዲሁ እንደቆመ አውቃለሁ፤ ስሱን ቂጣ፣ ብሊኒውን፣ እኔ እጋግራለሁ፣ ቅቤውም እንጉዳዩም ዓሣውም ተዘጋጅቷል። ሪማ አርካድዬቭና እሺ ብለዋል። አማትሽን ባለቤቴ በመኪና ያመጣቸዋል፣ ጉልበታቸውን ሰበብ እንዳያደርጉ። ክላቭዲያንም ጠርቻታለሁ፣ ምላሷንም ይዛ ትምጣ፣ የሚገባኝን ትበለኝ። ፎማ ሉኪችም ፈረሷን ሊያዩ ይመጣሉ። ሁሉም መጥቶ አንቺ ብትቀሪ ግን ያ ሁሉ ብሊኒ ለማን ነው? ደግሞ በአካል የምነግርሽ ነገር አለኝ። እዚህ ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ሰረዝኩት፤ ወረቀት ላይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል።

እግዜር የዝላታን እግር ያጽናላት፣ ወድቃም ብትነሣ መነሣቷን ያሳምርላት። የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፣ ወገብሽን ያቅናልሽ፣ ቤትሽን በሳቅ ይሙላልሽ።

አበልጅሽ፣ የዝላታ የክርስትና እናት

ቀኑን ሳልጽፍ ላጥፈው ነበር! ሁሉም ሰው መምጣት አለበት፣ ከቅዳሴ መልስ በቀጥታ። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ያለው እሑድ ነው፣ ሰው ሁሉ ይቅር የሚባባልበት፣ የይቅርታው እሑድ።